ደርባ ገደል ሲወረድ ምን ይሰማ?

ለምናብ ጨዋታ ሙዚቃ ስለ መምረጥ

«አምስት ሆናችሁ ከጫንጮ የተነሣችሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። ሜዳው ላይ ጉም ተኝቷል፤ ከሃምሳ እርምጃ ወዲያ ያለው አይታይም። ድንገት ከጉሙ ውስጥ የዋሽንት ድምፅ ትሰማላችሁ። በዚህ ሰዓት ከብት ያሰማራ እረኛ ሊኖር አይችልም። ምን ታደርጋላችሁ?»

ጨዋታ መሪው ይህን ተናግሮ ዝም ይላል። በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት አምስቱ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ ቀስተኛ ናት። አንዱ ከደብሩ የኮበለለ ደብተራ፣ ሌላው ጌታው የሞተበት ጋሻ ጃግሬ ነው። አራተኛዋ ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ መድኃኒት አዋቂ ስትሆን፣ አምስተኛው አገሩን የማይናገር ነጋዴ ነው። ቀስተኛዋ ቀድማ አፏን ትከፍታለች፤ «ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ አዳምጣለሁ» ትላለች። ባለ 20 ገጹ ዳይስ ጠረጴዛው ላይ ይንከባለላል።

ታሪኩን ለዚህ ዘገባ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፤ ቦታው ግን የምናብ አይደለም። ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ሱሉልታን አልፎ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ብርዷ ልብ ወለድ አያስፈልገውም። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ የታጠፈ ሰው ደርባ ይደርሳል። እዚያ ሜዳው ድንገት ያልቅና የሙገር ሸለቆ ከእግር በታች አፉን ይከፍታል። ወንዙ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ይነጫሉ፤ ፏፏቴው ከማዶ ይሰማል። ምናብ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ የት ይገኛል?

ጥያቄው ሌላ ነው። ይህ ጉዞ በጠረጴዛ ዙሪያ ሲተረክ ከበስተ ጀርባ ምን ሙዚቃ ይሰማ?

በድምፅ ብቻ የሚቆም ዓለም

የምናብ ሚና ጨዋታ በዛሬ መልኩ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በዚያ ዓመት ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘውን ጨዋታ አሳተሙ። አጨዋወቱ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ወስደው እሱን ሆነው ይናገራሉ፣ ይወስናሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይፈርዳል። ስክሪን የለም፤ መድረክ የለም፤ ልብስና መብራት የለም። ገደሉም ዋሻውም ጭራቁም የሚኖረው በተናጋሪው ቃልና በሰሚው ጆሮ መካከል ነው።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የተቀበለ፣ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ያለ፣ በኦሮምኛ ሂቦ እየተጠያየቀ ያደገ ልጅ ሁሉ የተናገሩትን ማየት ለምዷል። በሬዲዮ ያደገውም እንዲሁ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰሙ ሰዎች የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን መልክ ያዩት በጆሯቸው ነው። በትረካ መካከል የሚገባ ዜማ አንዱን ትዕይንት ከሌላው እንደሚለይ፣ የሚመጣውንም እንደሚያስገምት ያን ጊዜ ተምረነዋል።

ለእያንዳንዱ ስሜት የሚስማማ ሙዚቃ መርጦ ማዘጋጀትም የቆየ ሙያ ነው። ፊልም ድምፅ በሌለው ዘመን ፒያኖ ተጫዋቾች ስክሪኑ ሥር ተቀምጠው ምስሉን ይከተሉ ነበር። ኤርኖ ራፔ የተባለ የሙዚቃ መሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ለእነዚህ ተጫዋቾች አንድ ትልቅ የኖታ መድበል አሳተመላቸው። መድበሉ ውጊያ፣ ሐዘን፣ ማሳደድ እያለ በ52 ስሜቶችና ሁኔታዎች የተከፋፈለ ነበር። የዝርዝሩ ማውጫ በየገጹ ዳር ስለታተመ ተጫዋቹ እጁን ከፒያኖው ብዙም ሳያነሣ ወደሚፈልገው ስሜት ይሻገር ነበር። ዛሬ ጨዋታ መሪ በስልኩ ላይ የሚያሰናዳው የሙዚቃ ዝርዝር የዚያ መድበል የልጅ ልጅ ነው።

ጆሮ ቀድሞ የሚያውቀው

ብዙ ጨዋታ መሪዎች የሚጀምሩት ተዘጋጅቶ ከሚገኘው ነው። ሃዋርድ ሾር ለ«ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች የደረሰው ሙዚቃ አለ። የቪዲዮ ጨዋታዎች ሙዚቃ አለ። «ቴብልቶፕ ኦዲዮ»ን የመሰሉ፣ ለጠረጴዛ ጨዋታ ተብለው የተሰናዱ የአሥር የአሥር ደቂቃ ድምፆችም አሉ። ሁሉም ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ሙዚቃው ውብ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። በሰሚው ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠውን ነገር መቀስቀስ አለበት።

ይህን በግልጽ ያሳየ አንድ ጥናት አለ። ኤድሪያን ኖርዝና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በአንድ ሱፐርማርኬት የወይን ጠጅ መደርደሪያ አጠገብ አንድ ቀን የፈረንሳይ፣ በማግስቱ የጀርመን ሙዚቃ እያፈራረቁ አሰሙ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1997 «ኔቸር» መጽሔት ላይ አሳተሙት። የፈረንሳይ ሙዚቃ በሚሰማበት ቀን የፈረንሳይ ወይን፣ የጀርመኑ በሚሰማበት ቀን የጀርመን ወይን በብዛት ተሸጠ። ከገዢዎቹ አብዛኞቹ ሙዚቃው ምርጫቸውን እንደነካው አልታወቃቸውም። ዜማው አገሩን አስታወሳቸው፤ እጃቸውም ተከተለ።

የጫንጮን ጠረጴዛ በዚህ ዓይን እንየው። የአውሮፓ ቀንደ መለከትና የወንዶች ኅብረ ዝማሬ ሲሰማ ተጫዋቹ የሚያስበው ያየውን ፊልም ነው። ዋሽንት ሲሰማ የሚያስበው ግን የሚያውቀውን ሜዳ፣ የሚያውቀውን ጠዋት፣ ምናልባትም የአያቱን መንደር ነው። የመጀመሪያው ትውስታ ከሌላ ሰው ምናብ የመጣ ሲሆን ሁለተኛው የራሱ ነው። ጨዋታው ደግሞ የሚፈልገው የራሱን ነው። ስለዚህ ሙዚቃ ከመመረጡ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው «ይህ ዜማ እዚህ የተቀመጡትን ሰዎች ምን ያስታውሳቸዋል?» የሚለው ይመስለኛል።

ሜዳውና መንገዱ

ወደ ጉሙ እንመለስ። ዋሽንት ከሸምበቆ የሚሠራ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው የእረኛ መሣሪያ ነው። ድምፁ ውስጥ የነፊው ትንፋሽ ይሰማል፤ በዚህም ምክንያት በባዶ ሜዳ ላይ አንድ ሰው እንዳለ ያሳውቃል። በታሪካችን ውስጥ የሚያስፈራውም ይህ ነው። ዜማው ምንም ክፉ ነገር የለበትም፤ ሰዓቱ ነው ያልሆነው። የታወቀ ድምፅ ባልታወቀ ጊዜ ሲመጣ አዳማጩን ያነቃዋል። ጨዋታ መሪው አስፈሪ ሙዚቃ መፈለግ አላስፈለገውም።

ዋሽንቱ ሲጠፋና ተጓዦቹ መንገድ ሲጀምሩ የሙዚቃው ሥራ ይለወጣል። ጉዞ የማይቆራረጥ ምት ይፈልጋል። ለዚህ የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ የሚስተካከል አላውቅም። ባሱና ከበሮው ረግጠው ይሄዳሉ፤ ቫይብራፎኑ በላያቸው ላይ ቅኝቱን ይዘረጋል። የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የቀድሞ ፍቅረኞቹን ፍለጋ በመኪና ሲጓዝ የሚያዳምጠው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ የቀዳለትን የሙላቱን ሙዚቃ ነው። አሜሪካዊው መንገድ በሙዚቃው ምክንያት ምስጢር የያዘ ይመስላል። ከጫንጮ ደርባ የሚወስደው መንገድማ የሙዚቃው የራሱ አገር ነው።

ጠጅ ቤቱ

በምናብ ጨዋታ ወሬ የሚለቀመው፣ ሥራ የሚገኘው፣ ጠብ የሚነሣው መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። የእኛዎቹ ተጓዦች ቀትር ላይ አንድ ጠጅ ቤት ይገባሉ። እዚህ ማሲንቆ እንደሚሰማ ለመገመት ማንም አይቸገርም። አንድ ችግር ግን አለ፤ ማሲንቆ ያለ አዝማሪ፣ አዝማሪም ያለ ግጥም አይኖርም።

ግጥም ያለው ሙዚቃ ንግግርን ይሻማል። ፒየር ሳላሜና አለን ባደሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት ሰዎች በዓይናቸው ያዩአቸውን ቁጥሮች እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ ቃል ያለው ዘፈን ከመሣሪያ ሙዚቃ የበለጠ አሰናክሏቸዋል። አእምሮ የሚሰማውን ቃል ላለመከተል አቅም ያንሰዋል። በአማርኛ ግጥም ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ አዝማሪ ሲሰማ ወርቁን ሳያገኝ አያርፍም። ጨዋታ መሪው ስለ ገደሉ ሲናገር ተጫዋቹ ስንኙን ይፈታል። ስለዚህ ከበስተ ጀርባ የሚሰማው ያለ ድምፃዊ የተቀዳ ማሲንቆ ይሁን። ወይም ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ ጋር አዋህዶ የሠራው ዓይነት፣ ሞቅ ያለና ግጥም የሌለው ሙዚቃ ይሁን።

አዝማሪው ግን ከቤቱ አይባረር። ከበስተ ጀርባ ወጥቶ ገጸ ባሕርይ ይሁን። ጨዋታ መሪው የማሲንቆውን ድምፅ ያጠፋና ራሱ ይገጥማል፦

ጠጁ መልካም ነበር፣ ማሩ ያልጎደለ፤
እንግዳ ሆይ ዕወቅ፣ አሳላፊ አለ።

ተጫዋቾቹ ይስቃሉ፤ ብርሌ ይሞላላቸዋል። ከዚያ ደብተራውን የሚጫወተው ልጅ ፊቱ ይለወጣል። «ቆይ ቆይ፣ አሳላፊው ጠጅ ቀጂው ብቻ አይደለም፤ ከመካከላችን አሳልፎ የሚሰጠን ሰው አለ ማለቱ ነው!» ይላል። ሁሉም አገሩን ወደማይናገረው ነጋዴ ይዞራሉ። በሌላ አገር ጠረጴዛ ላይ ፍንጭ የሚደበቀው በአሮጌ ካርታ ወይም በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ነው። እኛ ጋ በሁለት መስመር ግጥም ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።

ገደሉ

ከደርባ ቁልቁል፣ ዋሻ ውስጥ፣ ስሙ የጠፋ የአንድ ጥንታዊ ንጉሥ መቃብር አለ። ይህ የታሪኩ ጨለማ ክፍል ነው።

ቅኝቶቻችን ለዚህ የሚሆን ሀብት አላቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ ልዩነታቸው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። በአንቺ ሆዬ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ድምፆች በግማሽ እርከን ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ያ መጠጋጋት ለብዙ የውጭ ሰሚ ውጥረት ይፈጥርበታል። በአንቺ ሆዬ የተዜሙ የሠርግ ዘፈኖችን እየሰማ ላደገ ሰው ግን ያው ቅኝት ጭፈራ ሊያስታውሰው ይችላል። የድምፆቹ ርቀት ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚቀሰቅሰው ነገር በሰሚው ሕይወት ይወሰናል። በዝግታ፣ በክራር ወፍራም ክሮች ብቻ፣ ያለ ከበሮ ሲመታ አንቺ ሆዬ ከሠርጉ ይርቅና ወደ ዋሻው ይቀርባል።

በገናስ? አሥሩ ክሮች የሚያርፉበት ድልድይ ላይ የሚገቡት ትናንሽ የቆዳ ቁርጥራጮች የክሩን ድምፅ ያርገፈግፉታል፤ ከመሬት በታች የሚመጣ የሚመስለው ያ ንዝረት ከዚያ ነው። የበገናው መምህር ዓለሙ አጋ የደረደረውን የሰማ ሰው ለመቃብር ትዕይንት ከዚህ የሚበልጥ ድምፅ እንደሌለ ይገባዋል። ይሁንና አንድ ነገር እናስብ። ጨዋታው በሚካሄድበት ቤት በገናው እየተሰማ ሳለ የቤቱ እናት ቡና ይዘው ይገባሉ እንበል። «ምነው ልጄ፣ ጾም ገባ እንዴ?» ቢሉ ምን ይመለስላቸዋል? «የለም እማዬ፣ ለጨዋታው ነው» ሲባሉ «በገና ለጨዋታ አይሆንም» ቢሉ እውነት አላቸው። ለእርሳቸው በገና ጸሎት ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱም እንደርሳቸው ሊሰማው ይችላል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዜማም መንዙማም ከጨዋታ ጀርባ አይገቡም። በገና ደግሞ በጠረጴዛው ያሉት ሁሉ ተጠይቀው ሲስማሙ ብቻ ይሁን። ጨዋታው ሳይጀመር «የማትፈልጉት ድምፅ አለ?» ብሎ መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም። ለዋሻው ሌላም መንገድ አለ፦ ደርባ ወርዶ በስልክ መቅዳት። የፏፏቴው ድምፅ፣ ገደሉ ላይ የሚያፏጭ ነፋስ፣ የጭላዳዎቹ ጩኸት ማንንም አያስቀይሙም፤ ቦታውን ለሚያውቅ ተጫዋች ደግሞ እግሩን አፋፉ ላይ ያቆሙታል።

ሽለላ

መቃብሩ ይከፈታል፤ ጠባቂው ይነሣል። አሁን ውጊያ ነው።

ውጊያን በሙዚቃ የማጀብ ልምድ እኛ ጋ ጥንታዊ ነው። ሽለላ፣ ፉከራና ቀረርቶ ወኔ ለመቀስቀስ የተፈጠሩ ናቸው፤ በኦሮሞ ባህል ጌራርሳ ጀግንነትን ያወድሳል። የጫንጮ ጠረጴዛ ሁለቱም ጆሮ ያለበት ነውና ሁለቱንም መጠቀም ተገቢ ነው። እዚህም ግጥሙ ችግር ይሆናል፤ መፍትሔውን ግን ጌታቸው መኩሪያ ከረጅም ጊዜ በፊት አግኝቶታል። ሽለላውን ከሸላዩ ጉሮሮ አውጥቶ ወደ ቴነር ሳክስፎን አስገባው። እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪያርፍ ድረስ በዚያ መሣሪያ ሲፎክር ኖረ፤ በ2006 ከሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም ሠራ። ቃል የለውም፤ ፉከራው ግን አንድም አልጎደለበትም።

ሽለላ የሚሸለለው ግን ሰይፍ ከመመዘዙ በፊት መሆኑን ማስታወስ ያሻል። በጨዋታውም ቦታው እዚያው ነው፦ ተጫዋቾቹ ማን ቀድሞ እንደሚመታ ዳይስ ሲጥሉ። ውጊያው ከተጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ፍልሚያ በጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ፈጣን ሙዚቃ የሰማ ሰው ይደክማል። ፍጥነት ሰውን ሳያውቀው ይገዛዋል። ሮናልድ ሚሊማን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት በአንድ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ዝግ ያለ ሙዚቃ በተከፈተባቸው ቀናት ገዢዎች ዝግ ብለው ሲራመዱ፣ ሽያጩም ፈጣን ሙዚቃ ከተከፈተባቸው ቀናት በ38 በመቶ ልቆ ተገኝቷል። ተጫዋቾቹ እንዲመክሩ ሲፈለግ ምቱ ይዝገም፤ ወዲያው እንዲወስኑ ሲፈለግ ይፍጠን። ውጊያው ሲያበቃና ከአምስቱ አንዱ ሲወድቅ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ይግባ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት መነኩሲት የተጫወቱት ሐዘን አያለቅስም፤ አንገቱን ደፍቶ ይራመዳል።

የጎደለ ድምፅ

ከሁሉም የሚከብደው መሣሪያ ዝምታ ነው። ይህንንም ቤታችን ውስጥ እናውቀዋለን። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አታሰማም። ሳምንታቱ በጾመ ድጓው ዜማ ያልፋሉ፤ የትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመለስ ምእመኑ ደስታውን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ከበሮው ያንን ኃይል ያገኘው ለሁለት ወር ያህል በመቅረቱ ነው።

ለጠረጴዛው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ሙዚቃ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ከተሰማ ተጫዋቹ መስማቱን ይተዋል፤ ልክ እንደ ማቀዝቀዣ ድምፅ ይሆንበታል። ጨዋታ መሪው የመቃብሩን ድንጋይ «ተንቀሳቀሰ» ከማለቱ በፊት ድምፁን ቢያጠፋ፣ ተጫዋቾቹ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ስለዚህ ለአንድ ምሽት አምስት ስድስት ቁራጭ ይበቃል። እያንዳንዱ ቢያንስ አሥር ደቂቃ የሚዘልቅ ወይም ሳይታወቅ ተመልሶ የሚጀምር ይሁን። ድምፁ መሪው ሲያንሾካሹክ በሚሰማበት ልክ ይለካ። ስፒከሩ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ከተጫዋቾቹ ኋላ ይቀመጥ፤ ያኔ ሙዚቃው ከክፍሉ የመጣ ይመስላል። ሁሉም ቀድሞ ስልክ ላይ ይጫን፤ መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ ታሪኩ አይቆምም።

ተደጋግሞ ለሚመጣ ገጸ ባሕርይ ደግሞ የራሱ መለያ ድምፅ ይሰጠው። ሃዋርድ ሾር በፊልሞቹ ለየሕዝቡና ለየአገሩ የተለየ ዜማ ደርሷል፤ የእኛ አባቶችም ታላላቆቻቸውን በእምቢልታና በመለከት አጅበዋል፣ አዋጅን በነጋሪት አስነግረዋል። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የሌለው መሣሪያ ነው፤ አንዱ ነፊ ጥቂት ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ ዜማው የሚሞላው ብዙዎች ተራ በተራ ሲቀባበሉ ነው። የንጉሡ መንፈስ በቀረበ ቁጥር አንድ የእምቢልታ ድምፅ ቢሰማ፣ በሦስተኛው ጊዜ ተጫዋቾቹ ማንም ሳይነግራቸው ሰይፋቸውን ይመዛሉ።

ይህ ሁሉ የሚፈልገው ቅጂ ነው። ጠረጴዛው የሚሻው ድምፃዊ የሌለበት፣ ረዘም ያለ፣ በአንድ ስሜት ላይ የሚቆይ የዋሽንት፣ የክራር፣ የማሲንቆና የእምቢልታ ሥራ ነው። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እነዚህን መሣሪያዎች የሚያጠኑ ወጣቶች አሉ፤ በየባህል ምሽት ቤቱ በቃል የሚያውቋቸው ባለሙያዎች አሉ። ራፔ ለፒያኖ ተጫዋቾች እንዳዘጋጀው ያለ መድበል በራሳችን ቅኝቶች ማሰናዳት ይቻላል፦ አሥር ደቂቃ ለሜዳ፣ አሥር ደቂቃ ለገደል፣ አሥር ደቂቃ ለሽለላ። የሚሠራው ሰው ከጨዋታው በተጨማሪ ለሬዲዮ ትረካ፣ ለድምፅ መጽሐፍና ለልጆች ተረት የሚበቃ ሥራ ያቆያል። እስከዚያው ግን ጫንጮ ላይ ለሚቀመጡት አምስት ሰዎች አንድ ዋሽንት ነፊ ጓደኛና አንድ ስልክ ይበቃቸዋል፤ በዚህ ቅዳሜ ይጀምሩ።